የማህፀን በር ምርመራ ላይ "ፖዘቲቭ" ማለት ካንሰር ማለት አይደለም

እዚህ ሀዋሳ ጤና ጣቢያ ሄደው የማህፀን በር ምርመራ ያደረጉ ሴቶች "ፖዘቲቭ ነሽ" ሲባሉ ካንሰር የያዛቸው ይመስላቸውና በጣም ይደነግጣሉ፣ አንዳንዷማ ለማንም ሳትናገር ህክምናውንም ትታ ትቀራለች፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ፖዘቲቭ ማለት ለምርመራው አሴቲክ አሲድ የሚባለው እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ሲቀባ የማህፀን በሩ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ታየ፣ ቅድመ ካንሰር የሚባለው የሴል ለውጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው በቃ።

ለውጡ ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ የግብረ ስጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፣ ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ ባልሽን ለመጠርጠርም ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ሴቶች ላይ ሰውነት ራሱ በ2 ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ቫይረሱ ካልጠፋ የሴል ለውጡ ወደ ካንሰር እስኪቀየር ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፣ ኤችአይቪ ኖሮባት መድሃኒት ያልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ስለሚችል እሷ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባት።

ህክምናው ቦታውን በቅዝቃዜ ወይ በሙቀት ማጥፋት ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ብዙዎቹ እዛው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ቅድመ ካንሰር ስለማያም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶቼ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አትቅሩ፣ ሄዳችሁ ታዩ።