የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ምንድን ነው? ተመርቆስ ምን ይሠራል?

የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ችግኝ ተከላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜትርና መዝገብ ይዞ ነው የሚከርመው። "ደኑ ተመናመነ" ማለት ማንም ይችላል፤ በስንት ሄክታር፣ ከመቼ ወዲህ፣ በምን ምክንያት የሚለውን በማስረጃ መመለስ ነው ሙያው።

የመጀመሪያ ዲግሪው እንደየአገሩ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የአፈርና የውሃ ጥናት፣ ሥነ ምህዳር፣ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ማቀናበሪያ)፣ የአካባቢ ሕግ አሉበት። ሒሳብ ሸሽቶ የመጣውን ደግሞ ስታትስቲክስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

የመስክ ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ዛፍ መለካትን እንውሰድ። ሜትሩ የሚጠመጠመው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ዛፉ ተዳፋት ላይ ከበቀለ ከፍታው የሚቆጠረው ከዳገቱ በኩል ነው። ዙሪያው 94.2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ3.14 ይካፈልና ዳያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ቅጹ ላይ "ልኬት" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ከቡድኑ አንዱ ዙሪያውን፣ ሌላው ዳያሜትሩን ይሞላል። ዙሪያው እንደ ዳያሜትር ሲሰላ፣ ግንዱ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ክብ የቆዳ ስፋቱ 10 እጥፍ ገደማ ያብጣል። የሳሳ ደን በወረቀት ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ቁጭ ይላል።

ሥራውስ? ብዙ ተመራቂ የሚገባበት አንዱ በር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። አሜሪካ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ግድብ ወይም ማዕድን ማውጫ ከመጀመሩ በፊት ይጠየቃል። ባለሙያው ቦታው ከግንባታው በፊት ያለበትን ሁኔታ ይመዘግባል፣ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ይተነብያል፣ ነዋሪውን ያወያያል፣ ጉዳቱ የሚቀንስበትን መንገድ ከነወጪው ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው፦ ጥናቱ በችኮላ በደረቅ ወቅት ብቻ ይሠራና፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚተኛበት ረግረግ "ደረቅ ሜዳ" ተብሎ ይመዘገባል። ሌላው ጣጣ የአጥኚው ከፋይ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የፕሮጀክቱ ባለቤት መሆኑ ነው፤ "ሪፖርቱን ትንሽ አለዝቡት" የሚል ግፊት ከዚያ ይመጣል።

ከዚህ ሌላ ፓርኮች፣ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪዎች፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣ የተራቆተ መሬት እንዲያገግም የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ይቀጥራሉ። የፕሮጀክት ቅጥር ግን በጀቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ለጀማሪ፣ ማስተርስ ከማሰቡ በፊት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ራሱ መስክ ወጥቶ በሰበሰበው ዳታ መሥራቱ፣ ከወፍ፣ ከዕፅዋት ወይም ከነፍሳት አንዱን ወገን በየስሙ ለይቶ ማወቁ ይጠቅመዋል። ዲፓርትመንት ሲመርጥም አስቀድሞ የሚጠይቀው በዓመት ስንት የመስክ ቀን እንዳለ ይሁን።