ሊሚትድ ኤዲሽን ስፖርት መኪና መግዛት፦ ከአያት እስከ ገላን

ሊሚትድ ኤዲሽን የሚባለው ፋብሪካው «ከዚህ ቁጥር በላይ አልሠራም» ብሎ የሚያወጣው መኪና ነው። አንዳንዱ አንድ ሺህ ገደማ ይመረታል፤ አንዳንዱ አምስት መቶም አይሞላ። ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ገንዘቡ ተቆጥሮ እጅ ላይ እያለም መኪናው ላይገኝ መቻሉን ነው። እዚህ ገበያ ውስጥ ሻጩ ነው ገዢውን የሚመርጠው።

ይህን ዳሰሳ ያዘጋጀነው አያት አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ደንበኞች «እንዲህ ያለ መኪና እንዴት ነው የሚገዛው?» እያሉ ሲጠይቁን በአማርኛ አንብቡ ብለን የምንሰጣቸው ነገር አጣን። ስለዚህ የፋብሪካዎቹን መግለጫ፣ የቀረጥና የኤክሳይስ ሕጉን፣ የቀረውን ደግሞ ከሥራችን ያየነውን ይዘን ጻፍነው። የምንናገረው ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ገዢ ነው፤ ዳርቻ ስንል አያትን፣ ሲኤምሲን፣ ሰሚትን፣ ለገጣፎን፣ ለቡንና ከቃሊቲ እስከ ገላን ያለውን መስመር ማለታችን ነው። ለገጣፎ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ወሰኑ የት ላይ ያበቃል የሚለውን ለሚመለከተው አካል ትተነዋል።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል። የቀረው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ድልድሉ

ፋብሪካው መኪናዎቹን ለአከፋፋዮች በኮታ ይደለድላል። ለአንዱ አከፋፋይ ሁለት ሊደርሰው ይችላል፤ ለሌላው ምንም። የደረሰው ደግሞ በተራው ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። ቀድሞ የሚታየው የደንበኛው ታሪክ ነው። ከዚህ በፊት ስንት መኪና ገዛ? ሰርቪስ የሚያደርገው የት ነው? የገዛውን ይዞ ቆየ ወይስ በወሩ ሸጠው? በዚህ ምክንያት አንዷን ብርቅ መኪና ለማግኘት ሲል እምብዛም የማይፈልጋቸውን ሦስት አራት መኪኖች ቀድሞ የሚገዛ ሰው አለ። ደጅ መጥናት ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ደጅ የሚጠናው ባለ ሚሊዮኑ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ፌራሪን የሚያህል የለም። መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ ገበያው ከሚፈልገው በአንድ ያነሰ መኪና መሥራት ይገባል የሚል መርሕ ነበራቸው ይባላል። በስማቸው የተጠራችው ኤንዞ በ399 የተወሰነችውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኋላ 400ኛዋ ተጨምራ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተበረከተች፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ላፌራሪ 499 ነበረች። እሷም አንድ ተጨመረላት፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ለጣሊያን የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ተብሎ በጨረታ 7 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነችው ኤፍ80 ደግሞ 799 ብቻ ናት፤ ሕዝብ ሳያያት ባለቤቶቿ ተለይተው አልቀው ነበር። ቃሉ ግን ሁልጊዜ አይጠበቅም። ኤፍ40 ስትጀመር 400 ተብላ ነበር። ስትጨርስ ከ1,300 በላይ ሆነች። ሰው ከፈለገ ፋብሪካም ሰው ነው፣ ይጨምራል።

ፖርሽ ቁጥሩን ከስሙ ጋር ያጋጥማል። 918 ስፓይደር 918 ተመረተች። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣችው 911 አር 991 ነበረች፤ ቅድሚያ የተሰጠውም ለ918 ባለቤቶች ነው። አሜሪካ ውስጥ የፋብሪካ ዋጋዋ 185 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የብዙ እጥፍ ዋጋ ይጠራባት ጀመር። ፖርሽ ከዚህ የተማረ ይመስላል። በ2023 እ.ኤ.አ. 1,963 ብቻ የምትመረት 911 ኤስ/ቲ ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ደንበኞች የመጀመሪያውን ዓመት በሊዝ እንዲይዟት አደረገ። መኪናዋ በስማቸው የምትዞረው ከዚያ በኋላ ነው። በስምህ ያልሆነን ነገር አየር በአየር መሸጥ አይቻልማ።

በደንብ የተመዘገበው ታሪክ ግን የፎርድ ጂቲ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ፎርድ ለመጀመሪያዎቹ 500 መኪኖች የማመልከቻ ቅጽ አወጣ። ልክ እንደ ሥራ ቅጥር ማለት ነው። በአንድ ወር ውስጥ 6,506 ሰው ሞልቶ ላከ። የተመረጠው ሰው መኪናዋን ለሁለት ዓመት ላይሸጥ ውል ይፈርማል። የነፃ ትግል ስፖርተኛውና ተዋናዩ ጆን ሲና ፈርሞ ወሰደና ብዙም ሳይቆይ ሸጣት። ፎርድ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሰሰው፤ በማግስቱ ዓመት ተስማሙ፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሄደ። ምርቱ ኋላ ወደ 1,350 አድጓል።

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ፋብሪካው በቀጥታ ለገዢ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ዋጋውም «የተጠቆመ» ዋጋ ነው እንጂ አከፋፋዩን አያስገድድም። ስለዚህ አከፋፋዩ መኪናው ብርቅ ሲሆን ከላይ የፈለገውን ይጨምራል።

ለአበሻ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ስፖርት መኪናም አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ላንድክሩዘር 300 ስትወጣ፣ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ገዢዎቹን በአንድ ዓመት ውስጥ ላይሸጡ አስፈረመ። ወረፋውም እስከ አራት ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ራሱ አሳወቀ። 500 ብቻ የተመረተችውን ጂአርኤምኤን ያሪስን ደግሞ በዕጣ ነው ያደለው።

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ዕጣ የወጣለት ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ምዝገባው አለ፣ ወረፋው አለ፣ ዕጣው አለ። አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ክልክል ነው የሚለውም አለ። ክልከላውን በውክልና የሚያልፈውም አልጠፋም። የፎርድ ጠበቆች አንድ ቀን ኮንዶሚኒየም ግቢ በር ላይ ከቆሙ ደላሎች ጋር ቡና ቢጠጡ ኖሮ ውላቸውን ሌላ አድርገው ይጽፉት ነበር።

ናይሮቢና ዱባይ

ኢትዮጵያ ውስጥ የፌራሪም የላምቦርጊኒም ወኪል የለም። ወኪል ከሌለ ኮታ የለም፤ ኮታ ከሌለ የሚያድግ የደንበኛ ታሪክ የለም። ናይሮቢ የፖርሽ ማዕከል አለ። ነገር ግን ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፤ እኛ ከ1956 ጀምሮ በቀኝ ነን። እርግጥ መሪ መቀየር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጃፓን ወጥታ ዱባይ ላይ መሪዋ የተቀየረች ቪትዝ ስንቱን ቤተሰብ አድርሳለች። ለቪትዝ የሚሆነው ግን ለ911 አይሆንም። ቁጥሩ የተወሰነ መኪና ዋጋው ያለው ፋብሪካው እንዳወጣው በመቆየቱ ነው፤ መሪውን የነካህ ቀን ዋጋውን ነካህ።

ስለዚህ ዓይን ሁሉ ዱባይ ላይ ነው። እዚያ ወኪሉ በሽ ነው። ሆኖም ወኪሉ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረውንና ከእሱ ሲገዛ የኖረውን ነው። ከዚህ የሄደ ሰው የሚገዛው ከሁለተኛ እጅ ነው፤ ያም ማለት የመጀመሪያውን ገዢ የወረፋ ትርፍ ጨምሮ ይከፍላል ማለት ነው።

ሕጉና ቀረጡ

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ እየነዳ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ብርቅ መኪና የቤተ መንግሥትና የኤምባሲ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በደርግ ጊዜ ላዳም ብርቅ ነበረች።

አሁን ያለውን ነገር ለመረዳት ከ2012 መነሳት ይበቃል። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ትንንሽ ሞተሮችን ጠቀመ። እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አዲስ መኪና 5 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነው 100 በመቶ ነው። አሮጌውን ደግሞ ቀጣው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ኤክሳይሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፦ ዓለም ላይ አሮጌ ስትሆን የምትወደድ መኪና፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስትደርስ አሮጌ በመሆኗ ትቀጣለች። ኤፍ40 በሕጉ ዓይን የጃጀች አውቶሞቢል ናት።

አዲሷም ብትሆን አትቀመስም። ታክሱ አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚጫነው። 100 ብር የምታወጣ ባለ ትልቅ ሞተር አዲስ መኪና በወቅቱ ስሌት 35 በመቶ ቀረጥ ተጨምሮባት 135 ትሆናለች። በዚያ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ሲመጣ 270። ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 310 ተኩል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ሲጨመር 341 ከምናምን። የማጓጓዣውን አላነሳንም። ይህን ስሌት ጋራዥ ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ለደንበኛ ስናሰላ፣ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ 270 ላይ ስንደርስ ስልኩን ያወጣል።

በጥቅምት 2015 ደግሞ ገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) እንዳይከፈትላቸው አገደ። አውቶሞቢል ከነሱ አንዱ ነበር። በጥር 2016 የመጨረሻው መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ተናገሩ። እንዲህ ያለ እገዳ በመጣል ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት፤ ይህ የሚያኮራ ነው ብሎ የሚከራከር ባልደረባ አለን፣ የቤንዚን ሞተር የሚፈታ እጅ ይዞ ቢሆንም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶን ተሻገረ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወንድም ያኔ ለተራ የኤሌክትሪክ መኪና ለአንድ አስመጪ ቀብድ ከፍሎ ይጠብቅ ነበር። «የዋጋ ማስተካከያ» ተብሎ ተደወለለት። ማስተካከያው ከቀብዱ ይበልጥ ነበር። ስሙ ሊሚትድ ኤዲሽን አይባል እንጂ ወረፋው፣ ጭማሪውና መለማመጡ ያው ነው።

ሕጉ አንድ አስቂኝ ቀዳዳ ነበረው። የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ከመጣ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል በ2014 ተወስኖ ነበር። ክሮኤሺያ ውስጥ በ150 ተወስና የተመረተችው፣ ሁለት ሚሊዮን ዩሮ የምታወጣው ሪማክ ኔቬራ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ናት። በዚያ ስሌት ከሄድን ከአሮጌ ኮሮላ ያነሰ የመቶኛ ታክስ ይደርስባታል። ለቡ ላይ ግን እስካሁን አላየናትም።

መሬት ላይ

የገባችውስ መኪና የት ትነዳለች? ከዋናው አስፋልት ወደ ቪላው ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። በየመቶ ሜትሩ የሰፈር ሰው የሠራው ጉብታ አለ። ከመሬት አሥር ምናምን ሴንቲ ብቻ ከፍ ያለች መኪና ሆዷን ትፋቃለች። ከፍታውም አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ ከአምስት አንዱን ያህል እዚሁ ይጥላል። መንገድ የሚገኘው ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ ባለው የአዳማ ፈጣን መንገድ ነው። እዚያም ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው።

የሀገር ውስጡ ገበያ በደላላ ነው የሚንቀሳቀሰው። መኪናዋ ቴሌግራም ላይ ትለጠፋለች፤ «ሊሚትድ ኤዲሽን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ብቻ» ይባልላታል። ሁሉም መኪና አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ሊብሬውን፣ የጉምሩክ ሰነዱን (ዲክላራሲዮኑን) እና የሻንሲ ቁጥሩን አንድ ላይ ማየት አለበት። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በዚህ ሥራ የአያትና የሲኤምሲ ጋራዦችን የሚስተካከል የለም፤ ይህን የምንለው የራሳችን ስለሆነም ጭምር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀይ የፎርድ ሙስታንግ መጣች። የግቢያችን በር ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁለት ጣውላ አጋደምንላትና ቀስ ብላ ወጣች። ደላላው ቀድሞ ወርዶ «ቪ8 ናት ጋሼ፣ ቁጥር ያላት» አለ። ዳሽቦርዷ ላይ 0417 የሚል የብር ቀለም ሳህን ነበር። የጋራዣችን ልጅ ባትሪ ይዞ በመስታወቱ በኩል የሻንሲውን ቁጥር አነበበ። በፎርድ ስምንተኛው ቦታ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። የተናገረው ቪ8ን፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሳይሆን፣ ባለ አራት ሲሊንደሩን 2.3 ተርቦ ነው። ኮፈኑን ስንከፍት አራት ሲሊንደር ነው። ገዢው ምንም አላለም። ደላላው «ታዲያ ሳህኑ ከየት መጣ?» ብሎ እኛን ጠየቀን። ልጁ በጥፍሩ ጠርዙን ሲነካው ተነሳ፤ በሁለት ፊት ፕላስተር ነበር የተለጠፈው። መኪናዋን ወስደው ሳህኑን ትተውት ሄዱ። አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከ17ና ከ19 ቁልፍ መሃል ተሰቅሏል።