ሶንግቲ ምንድን ነው?

በቻይንኛ «አሥር» የሚለው ፊደል መስቀል ይመስላል። አንድ አግድም፣ አንድ ቁልቁል መስመር፣ በቃ። ይህንኑ ፊደል ቻይና ውስጥ በታተመ ልብ ወለድ ገጽ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አግድሙ እንደ ክር ቀጥኗል። ቁልቁሉ ወፍሯል። በአግድሙ ቀኝ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ጉብ ብላለች። ሶንግቲ የሚባለው ይህ ቅርጽ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279 ከገዛው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ነው፤ «ቲ» ማለት የፊደል ቅርጽ ነው።

ቅርጹን ያመጣው እንጨት ነው። ያኔ መጽሐፍ የሚታተመው ገጹ በሙሉ ጣውላ ላይ ተቀርጾ ነበር። የጣውላው ቃጫ ወደ ጎን ይሄዳል። አግድም መስመር ከቃጫው ጋር ስለሚሄድ ቢቀጥንም ይችላል። ቁልቁሉ ግን ቃጫውን ያቋርጣል፤ ከቀጠነ ይሰበራል። ስለዚህ ቀራጮቹ አወፈሩት። ሦስት ማዕዘኗ የብሩሽ ትዝታ ናት፦ ጸሐፊው መስመሩን ሲጨርስ ገታ ብሎ ይጫናል፣ ያችው በቢላ ስትቀረጽ ሹል ሆነች። ቅርጹ በደንብ የተስተካከለው በሚንግ ዘመን (1368–1644) ነው። ለዚህም ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ሚንግቲ፣ ጃፓኖች ሚንቾ ይሉታል። በመቃ ብዕር የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የእኛንም ፊደል ወፍራምና ቀጭን ያደረገው መሣሪያው ነው።

ረጅም ጽሑፍ በወረቀት የሚያሳትም ሰው ሶንግቲን ቢመርጥ አይሳሳትም። ስልክ ላይ ግን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉ። እዚያ የሚሻለው መስመሩ ሁሉ እኩል የሚወፍረው ሄይቲ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቻይና ኮንትራክተሮች አጥር ላይ የምናየው ደማቅ ጽሑፍ አብዛኛው እሱ ነው። የእጅ ጽሕፈት የሚመስለው ካይቲ የልጆች መማሪያ ላይ ይገባል። ቻይንኛን ኢታሊክ ማድረግ ግን ይቅር። የተጋደመ ፊደል የወደቀ ይመስላል። ቃል ለማጉላት ወደ ካይቲ ወይም ወደ ሄይቲ መቀየር ያምራል።

በነጻ የተገኘ ፎንት ሲያምር ቶሎ አትመኑት። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቻይና የኮምፒውተር ፊደላት መመዘኛ ብቻ 6,763 የቻይንኛ ፊደላት አሉት። አንዷ ከጎደለች ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይበደርና በዓረፍተ ነገሩ መሀል ባዳ ፊደል ይደነቅራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአገር ጉዳይ ነው። «አጥንት» የሚለው ፊደል አናቱ ላይ ትንሽ ማዕዘን አለችው። በዋናው ቻይና ወደ ግራ፣ በታይዋንና በጃፓን ወደ ቀኝ ትዞራለች። በኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፉ መመዘኛ ዩኒኮድ ግን ለሁሉም የሰጠው አንድ ቁጥር ነው። የትኛው ቅርጽ እንደሚወጣ የሚወስነው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ለቤጂንግ አንባቢ የምትጽፉ ከሆነ የቻይናውን ፎንት ምረጡ፣ የሰነዱንም ቋንቋ «ቻይንኛ፣ ቀላል» ብላችሁ ሙሉ። ባዶ ከተተወ የጃፓኑ ቅርጽ ሊመጣ ይችላል፤ አንባቢውም ወዲያው ያውቀዋል።