የክሩዝ ምሽት ልብስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለክሩዝ (በትልቅ መርከብ ለሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ) ሻንጣ ሲዘጋጅ የቀኑ ልብስ ማንንም አያስጨንቅም፤ ቁምጣ፣ ካናቴራና የዋና ልብስ ይበቃል። የሚያስጨንቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። «ፎርማል ናይት» (የክት ልብስ ምሽት) የሚል ያነበበ አንዱ የማያስፈልገውን ቶክሲዶ፣ ማለትም ጥቁር የምሽት ሱፍ፣ ይከራያል፤ ሌላው ደግሞ «ለእረፍት ሄጄ ማን ምን ሊለኝ» ብሎ በቁምጣ ይሄድና ከምግብ አዳራሹ በር ላይ ይመለሳል። ሁለቱም የኩባንያውን ደንብ ሳያነቡ በሰው ወሬ ነው የተነሱት።

«ክሩዝ ሁሉ አንድ ዓይነት የአለባበስ ሕግ አለው»

የለውም። ከሁሉም ስህተት የከፋው ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው። ከማያሚ ወይም ከጋልቨስተን በሚነሱት የካርኒቫል መርከቦች ላይ ከ2 እስከ 5 ቀን በሚፈጅ ጉዞ አንድ፣ 6 ቀንና ከዚያ በላይ በሆነው ደግሞ ሁለት «ኤለጋንት» (የዘነጠ አለባበስ) ምሽት ይኖራል። በእነዚያ ምሽቶች ለወንድ ጨርቅ ሱሪና ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ኮት ቢደረብ ያምራል እንጂ ግዴታ አይደለም። ሮያል ካሪቢያንም በ7 ሌሊት ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የክት ልብስ ምሽት አለው፤ ሱፍ ለብሶ የሚመጣም፣ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የሚመጣም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. «ፍሪስታይል» ያለውን አሠራር ሲጀምር የግዴታ ፎርማል ምሽትን አስቀርቷል። ቨርጂን ቮዬጅስ ደግሞ ፎርማል የሚባል የለውም፤ ነገር ግን ሁሉም ቀይ የሚለብስበት አንድ ምሽት ስላለው ቀይ ነገር ሳይዝ የሄደ ሰው ይቆጨዋል።

ኩናርድ የተባለው ኩባንያ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። መርከቡ ኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኒውዮርክ በሚያደርገው የ7 ሌሊት ጉዞ እንደ ደንቡ ሁለት «ጋላ» (Gala) የሚባል የክት ልብስ ምሽት አለ። ወንዱ ቶክሲዶ ወይም ጥቁር ሱፍ ከክራቫት ጋር ይለብሳል፤ ሴቷ የምሽት ቀሚስ። ደንቡም የምግብ አዳራሹን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን የመርከቡን ክፍል ይመለከታል፤ ስለዚህ ከእራት በኋላ ጂንስ ቀይሮ የጭፈራ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ቀለል ብሎ ማምሸት ለሚፈልግ ኪንግስ ኮርት የተባለው ቡፌ፣ ጎልደን ላየን የተባለው መጠጥ ቤትና ካሲኖው ክፍት ናቸው።

እንግዲህ ከትኬቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የኩባንያውን ድረ ገጽ ከፍቶ ሁለት ነገር ማየት ነው፦ በጉዞው ውስጥ ስንት ፎርማል ምሽት እንዳለና ምን ምን እንደተከለከለ። የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል ደግሞ በኩባንያው አፕ ወይም በየማታው ካቢን (የመኝታ ክፍል) ውስጥ በሚቀመጠው የፕሮግራም ወረቀት ላይ ይገለጻል። ብዙውን ጊዜ መርከቡ ወደብ ሳይነካ በሚውልበት ቀን ነው የሚደረገው፤ ሰው ከጉብኝት ሮጦ ሳይመለስ ተረጋግቶ እንዲለብስ።

«የሀበሻ ልብስ እዚያ አይሆንም»

በጣም ይሆናል። ጥብቅ የሚባለው ኩናርድ ራሱ በጋላ ምሽት የክብር የሀገር ባህል ልብስ በደስታ እንደሚቀበል በደንቡ ጽፏል። ቤት ውስጥ ጥሩ የጥበብ ቀሚስ እያለ ለአንድ ምሽት ብሎ ሁለት መቶ ዶላር ጋውን ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ለወንዱም ሙሉ የሀገር ልብስ ከንጹሕ ቆዳ ጫማ ጋር ከሱፍ አያንስም፤ ነጠላ ጫማ ወይም ስኒከር ግን አያስኬድም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የቀሚሱ ርዝመት ነው። መርከብ ላይ ደረጃ ብዙ ነው፣ ወለሉም አልፎ አልፎ ይወዛወዛል። መሬት የሚነካ ቀሚስ በታኮ ጫማ ይረገጣል፤ ሲረገጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚተረተረው ጥለቱ ነው። ጉዞው ላይ የሚደረገውን ጫማ አድርጋችሁ ለኩ፤ ጠርዙ ከመሬት አራት አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ታኮው ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ቀጭኑ በእንጨት ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

አስተጣጠፉም ራሱን የቻለ ጥበብ አለው። ቀሚሱን ገልብጣችሁ አልጋ ላይ ዘርጉ። ጥበቡ ያለበት መሐል ክፍል ሳይታጠፍ፣ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ መልሳችሁ በቁመቱ ሦስት እጥፍ አድርጉት። በየእጥፉ መሐል ስስ ወረቀት ወይም ከላውንደሪ ልብስ የሚሸፈንበትን ስስ ላስቲክ አስገቡ፤ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር ካልተፋተገ መጨማደዱ ይቀንሳል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ከሻንጣው ከላይ አስቀምጡ። ነጠላውን ለብቻው። ምግብ አዳራሹና ቲያትር ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ኃይለኛ ስለሆነ ነጠላው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻ ለሚያሳይ ቀሚስ ሁሉ ያስፈልጋል።

«የተጨማደደውን እዚያው በካውያዬ እተኩሰዋለሁ»

ካውያና የእንፋሎት መተኮሻ በእሳት አደጋ ምክንያት በአብዛኞቹ ኩባንያዎች የተከለከሉ ናቸው። ሻንጣ በራጅ ሲፈተሽ ይታያሉ፤ ይወሰዱና በጉዞው መጨረሻ ይመለሳሉ። የባሰው ደግሞ ሻንጣው ራሱ ለፍተሻ መያዙ ነው፤ የምሽቱ ልብስም አብሮት ይዘገያል። ኩናርድና ፕሪንሰስ ካውያ ያለበት የጋራ ማጠቢያ ክፍል አላቸው፤ ሮያል ካሪቢያን የለውም፣ እዚያ ከፍሎ ማስተኮስ ነው።

ያለ ካውያም ይቻላል። ካቢን እንደገባችሁ ልብሱን ስቀሉት። ከዚያ የሻወር ክፍሉን ዘግታችሁ ሙቅ ውኃ ልቀቁና ልብሱን ውኃ በማይነካው ቦታ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አቆዩት፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ በእጅ ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጉት። በፈትል ቀሚስ ላይ ውኃ አትርጩ፤ ደማቅ ጥለት ቀለሙን ሊለቅና ነጩን ሊያበላሽ ይችላል። የካቢን ቁም ሳጥን ጠባብ ነው፤ መስቀያውም ጥቂት፤ ሦስት አራት መስቀያ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የካቢን ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ባለ ማግኔት ማንጠልጠያም ይይዛል።

«በየምሽቱ ሌላ ልብስ መቀያየር አለብኝ»

ለ7 ሌሊት አንድ ወንድ አንድ ጥቁር ሱፍ፣ ሁለት ጨርቅ ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ክራቫትና አንድ ጥንድ ቆዳ ጫማ ይዞ ያለ ምንም ችግር ይመለሳል። ሴት ደግሞ አንድ የሀበሻ ቀሚስ፣ አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ሁለት ሱሪ ወይም ጉርድ፣ አራት ሸሚዝ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ። ጥቁሩን ቀሚስ አንድ ጊዜ በወርቅ ጌጥ፣ አንድ ጊዜ በሌላ ስካርፍ ቢለብሱት የሚያስታውስ የለም። ሻንጣ የሚያከብደው ጫማ ነው፤ ለያንዳንዱ ቀሚስ ሌላ ጫማ መያዝ ቦታ ከማጥፋት በቀር ምንም አይጨምርም።

«ስማርት ካዡዋል ማለት ቀን የለበስኩት ነው»

አይደለም። ባለ ኮሌታ ሸሚዝ፣ ያልተቀደደ ጂንስ ወይም ጨርቅ ሱሪ፣ የተዘጋ ጫማ፤ ለሴት ቀለል ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ ከሸሚዝ ጋር ነው። የዋና ልብስ፣ እጅጌ አልባ የወንድ ካናቴራና የባሕር ዳርቻ ነጠላ ጫማ በየትኛውም ምሽት ወደ ዋናው ምግብ አዳራሽ አያስገቡም። ጂንስ በፎርማል ምሽት ቢቀር ይሻላል።

«ፎርማል ልብስ ካልያዝኩ እራት አልበላም»

ቡፌው ክፍት ነው፣ ካቢን ድረስም ያመጣሉ። የምታጡት የዋናው አዳራሽ እራት ብቻ ነው። ፎቶ አንሺዎች በዚያ ምሽት በየአዳራሹ ይቆማሉ፤ መነሳት ብቻ አያስከፍልም፣ የሚከፈለው ፎቶውን ሲወስዱ ነው።

«መጀመሪያና መጨረሻው ምሽት ላይ ነው መዘነጥ ያለብን»

ሁለቱም ቀለል ያሉ ምሽቶች ናቸው፣ ምክንያቱ ሻንጣ ነው። በመሳፈሪያው ቀን ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ለተሸካሚ ትሰጣላችሁ፤ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከእራት በኋላ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው እራት የሚሆን አንድ ሸሚዝና ሱሪ ወይም ቀሚስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። በአውሮፕላን ወደ ወደቡ የምትሄዱ ከሆነ የፎርማሉ ልብስም በእጅ ቢያዝ ይመረጣል፤ ሻንጣ ቢጠፋ ቁምጣ በየወደቡ ይገዛል፣ የጥበብ ቀሚስ ግን አይገዛም። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ሻንጣችሁን በፕሮግራሙ በተጻፈው ሰዓት ከካቢኑ በር ውጭ ታስቀምጣላችሁ፤ የጠዋት ልብስና ጫማ፣ ፓስፖርትና መድኃኒት ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ለይታችሁ በእጅ ቦርሳ አስቀሩ።