የሰው ሀብት ባለሙያ ከቢሮው ስለ መውጣቱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ውስጥ በሰው ሀብት ክፍል የምንሠራ ሰዎች ወደ ሠራተኛው ላለመውረድ የምንደረድራቸው ምክንያቶች አሉ። አንድ በአንድ ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ አያስኬዱም።

«በራችን ክፍት ነው፤ ችግር ያለበት ራሱ ይመጣል» የሚለው ቀዳሚው ነው። ማሽን ላይ የቆመች ሠራተኛ ወደ ቢሮ ለመምጣት የፈረቃ ኃላፊዋን ማስፈቀድና ለምን እንደምትሄድ መናገር አለባት፤ ቅሬታዋ በዚሁ ኃላፊ ላይ ከሆነ ነገሩ ገና ሳይጀመር ያበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የምትነግረው የምታውቀው ሰው የሌላት ሴት አዋጁ ብቻውን አይደርስላትም። የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር ከተቆረቆረች ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አፉን የፈታ ወጣት ቅሬታውን በአማርኛ ጽፎ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ እንዲከት መጠበቅ እንዳያመለክት ከመከልከል ብዙም አይለይም።

«ፋይሉና የሰዓት መቆጣጠሪያው ሁሉንም ይናገራሉ» የሚሉም አሉ። ፋይሉ ማን እንዳረፈደ ይናገራል፤ ሰርቪሱ መልካ ጀብዱ ላይ ሰው ሳይጭን ማለፉን ግን አይናገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደመወዝ ሰሞን ፈረቃ ሲቀያየር ቆሞ ማየት ይበቃል፤ ሠራተኛዋ የክፍያ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ጣቷን «ትርፍ ሰዓት» ከሚለው መስመር ላይ አሳርፋ ጓደኛዋን ትጠይቃለች። አዋጁ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ድምር ተጠቃለው ሲመጡ፣ ስሌቱ ልክ ቢሆን እንኳ፣ ሌሊት የሠራ ሰው ገንዘቡ እንደ ተቆረጠበት ያምናል። እዚያው ቆሞ ለማስረዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ካልተነገረው ግን ጥርጣሬው ውስጥ ውስጡን ሲብላላ ከርሞ አንድ ቀን የሥራ መልቀቂያ ሆኖ ጠረጴዛችን ላይ ይደርሳል።

«ጊዜ የለንም» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ለለቀቀው ሠራተኛ ምትክ መቅጠርና ማሠልጠን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

«መውረድ የሱፐርቫይዘሩን ሥልጣን መጋፋት ነው፤ ሠራተኛውም ሰላይ ይለናል» የሚለው ሥጋት ግን መሠረት አለው። ችግር ሲፈጠር ብቻ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ብቅ የሚል ሰው ቢጠረጠር አይፈረድም። ስለዚህ የሚወረድበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፣ ሱፐርቫይዘሩም ይነገረው፤ የግል ጉዳይ በባልደረቦች ፊት አይነሣ፣ እዚያው ላይም ቃል አይገባ። የተጠየቀው ነገር መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ተመልሶ መናገር ግዴታ ነው፤ ሰው እምነት የሚያጣው ባብዛኛው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነው። የሌሊት ፈረቃም አይዘንጋ፦ ቢሮ ሲከፈት እነርሱ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው፣ ሲዘጋ ደግሞ ገና አልገቡም፤ የክፍላችን ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ካልተገኘ ከእነርሱ ጋር የሚገናኝበት ሌላ ሰዓት የለውም።