በአነስተኛ ገንዘብ የካዚኖ ፖከር መጫወት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኔቫዳ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ወደ አንድ የፖከር ክፍል የገባ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ዝቅተኛ ጠረጴዛ «1 እና 2» ወይም «1 እና 3» የሚባለው ነው። ስያሜው የመጣው ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች ተራ በተራ በግዴታ ከሚያስቀምጡት ዶላር ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ ብላይንድ፣ ከሁለቱ ከፍተኛው ደግሞ ትልቅ ብላይንድ ይባላል። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል፣ አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም በጋራ ይዘረጋል። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያለው ወይም ሌሎቹን በውርርድ ያስወጣ ተጫዋች የተሰበሰበውን ገንዘብ ይወስዳል። ላስ ቬጋስ ውስጥ በካዚኖና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በናሽናል ሃርበርም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ትልቅ ካዚኖ ስለተከፈተ፣ ይህ ጨዋታ ከአማርኛ ተናጋሪው ሩቅ አይደለም። ስለ ጨዋታው የሚነገረው ግን ከፊሉ ከፊልም፣ ከፊሉ ከሌሎች የቁማር ዓይነቶች የተወሰደ ነው።

«ካዚኖው ስለማይጫወት ከሌሎቹ እኩል ከቻልኩ አልከስርም»

የዚህ አባባል የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። በሩሌት ወይም በብላክጃክ ተጋጣሚው ካዚኖው ሲሆን፣ በፖከር ግን ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ነው የሚበላሉት። ሆኖም ካዚኖው ከእያንዳንዱ ዙር ሬክ የሚባል ድርሻ ይቆርጣል፤ በብዙ ቦታ ይህ ከተሰበሰበው ገንዘብ 10 በመቶ ሆኖ እስከ 5 ዶላር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ እስከሚል ጣሪያ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ለጃክፖት፣ ማለትም ለልዩ ሽልማት ለሚጠራቀም ገንዘብ፣ ተብሎ ሌላ 1 ወይም 2 ዶላር ይወሰዳል፤ ያሸነፈውም ሰው ካርታ ለሚያድለው አከፋፋይ አንድ ዶላር ጉርሻ መስጠቱ የተለመደ ነው።

ድምሩን እናስላው። አንድ አከፋፋይ በሰዓት ወደ 30 ዙር ያህል ያድላል። ከእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 4 ዶላር ለቤቱ፣ 1 ዶላር ለጉርሻ ወጣ ብንል በሰዓት 150 ዶላር ከጠረጴዛው ይነሣል። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ይዘው ቢቀመጡና ማንም ተጨማሪ ገንዘብ ባያስገባ፣ 1,800 ዶላሩ በ12 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልቆ ሁሉም ባዶ እጁን ይነሣል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል በሰዓት ወደ 17 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ከሌሎቹ እኩል የሚችል ተጫዋች በሰዓት 17 ዶላር የሚከስር ተጫዋች ነው።

ይበልጥ የሚያስከፋው ጣሪያው በከፍተኛ ጠረጴዛም ላይ እምብዛም አለመለወጡ ነው። 17 ዶላር በ1 እና 2 ጠረጴዛ ከስምንት ትልልቅ ብላይንድ በላይ ሲሆን፣ በ2 እና 5 ጠረጴዛ ከሦስት ተኩል አያልፍም። ከገንዘቡ ጋር ሲነጻጸር ከባዱን ክፍያ የሚከፍለው አነስተኛ ገንዘብ የያዘው ሰው ነው። ይህን ጫና ለማቃለል ያለው መንገድ በጥቂት ዙሮች ብቻ መግባት ነው። ብዙ ካዚኖዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ከመዘርጋታቸው በፊት ካለቀ ዙር ምንም ስለማይቆርጡ፣ ጠንካራ ካርታ ይዞ ውርርዱን ቀድሞ ከፍ ማድረግ በዚህም በኩል ይጠቅማል። ከመቀመጥ በፊት የአቆራረጡን ሥርዓት መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ትንሽ ገንዘብ ከያዝኩ ባለብዙዎቹ ከአቅሜ በላይ ተወራርደው ያስወጡኛል»

ባለጠጋው ክምር ገንዘብ ወደ መሃል ገፍቶ ድሃው ሰዓቱን ወይም የቤቱን ካርታ የሚያሲዝበት ትዕይንት የፊልም ፈጠራ ነው። በካዚኖ ሕግ ማንም ሰው ዙሩ ሲጀመር ከፊቱ ካለው ገንዘብ በላይ ሊጠየቅ አይችልም። ሰማንያ ዶላር የያዘ ሰው ሦስት መቶ ዶላር ውርርድ ቢመጣበት ሰማንያውን ሁሉ አስገብቶ እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ከሰማንያ የሚበልጠውን ሌሎቹ ለብቻው ይጫወቱበታል፣ ሌላ የሚገባ ከሌለም ለባለቤቱ ይመለሳል። ሕጉ በሌላም በኩል ይሠራል፦ በዙሩ መካከል ከኪስ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም፣ ያሸነፉትንም ከፊሉን ኪስ ውስጥ ከትቶ መጫወቱን መቀጠል ክልክል ነው። እንዲያውም ትንሽ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚወስናቸው ውሳኔዎች ጥቂት ስለሆኑ ለጀማሪ ይቀላሉ።

አደጋው ያለው ጠረጴዛው ላይ ባለው ገንዘብ ማነስ ሳይሆን ከጀርባው ባለው መጠባበቂያ ማነስ ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ክሪስ ፈርጉሰን በኢንተርኔት ያለ ምንም ገንዘብ ጀምሮ ነፃ ውድድሮችን በመጫወት ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፈጀ ጊዜ 10,000 ዶላር ሲደርስ የተከተለው ደንብ፣ ካለው ጠቅላላ የመጫወቻ ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ በአንድ ጠረጴዛ አለመቀመጥ ነበር። በኢንተርኔት በሳንቲም የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ስላለ ይህ ይቻላል። በካዚኖ ግን የሳንቲም ጠረጴዛ የለም፤ በዚያው ደንብ 200 ዶላር ይዞ ለመቀመጥ ለጨዋታ ብቻ የተለየ 4,000 ዶላር ያስፈልጋል። ስድስት መቶ ዶላር ብቻ ያለው ሰው ይህን ደንብ ሊያከብር አይችልም። ስለዚህ ስድስት መቶውን እንደ ካፒታል ከመቁጠር ይልቅ እንደ ሦስት ምሽት የመዝናኛ ወጪ ቢመለከተው ለራሱ የበለጠ ሐቀኛ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የፖከር መሆኑ ቀርቷል።

«ፖከር ማለት ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት ነው»

በዝቅተኛ ጠረጴዛ የሚቀመጡት በአብዛኛው ለመጫወት እንጂ ካርታ ለመጣል የመጡ አይደሉም። መሃል 50 ዶላር ባለበት ሌላ 50 ዶላር አስገብቶ የሚያስፈራራ ሰው እንዳይከስር ቢያንስ ከሁለት ጊዜ አንዱን መሳካት አለበት። ተጋጣሚዎቹ ሁለት ቢሆኑና እያንዳንዳቸው ከአሥር ስድስት ጊዜ ካርታቸውን የሚጥሉ ቢሆኑ እንኳ፣ ሁለቱም አብረው የሚጥሉት 36 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ጠረጴዛ ትርፍ የሚገኘው ጥሩ ካርታ ሲመጣ በድፍረት በመወራረድና የማይጥሉት ሰዎች እንዲከፍሉ በማድረግ ነው። አሰልቺ ነው፤ ይሁን እንጂ ሂሳቡ ይኸው ነው።

«ማንኛውንም ውርርድ ሳይጥሉ የሚከፍሉ ሰዎችን ማሸነፍ አይቻልም፤ ሁለት ኤሴን በማይረባ ካርታ በሉብኝ»

ይህ ከፖከር ክፍሎች ቅሬታ ሁሉ የተለመደው ነው። ሁለት ኤስ፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠውን ካርታ በጥንድ፣ የያዘ ሰው በዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ተጋጣሚ ጋር ሁሉም ካርታ ቢገለጥ ወደ 85 በመቶ ያሸንፋል፤ ከአምስት ተጋጣሚዎች ጋር ግን ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ አምስት ሰው ካስከተለ ከግማሽ ጊዜ በላይ መበላቱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ስድስት ሰዎች አሥር አሥር ዶላር አዋጥተው 60 ዶላር ቢሰበሰብ፣ የእርሱ ድርሻ በረጅም ጊዜ ወደ 29 ዶላር ይሆናል፤ ያዋጣው አሥር ነው። ተደጋግሞ እየተበላ በረጅሙ ሲታይ ወደ ሦስት እጥፍ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ያ የማይረባ ካርታ ይዞ የከፈለው ሰው ጠላት አይደለም፤ ትርፉን የሚያመጣው እርሱ ነው። እርሱን በጠረጴዛው ፊት የሚገሥጽና የሚያስተምር ተጫዋች፣ በገዛ እጁ የገቢውን ምንጭ እያባረረ ነው።

«ብዙ ስለተበላሁ አሁን ዕድሌ መዞሩ አይቀርም»

ካርታ ትዝታ የለውም። ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በካዚኖ ፍጥነት ይህ በየሰባት ሰዓቱ ገደማ ነው። ትናንት ሙሉ ሌሊት አለመምጣቱ ዛሬ የመምጣቱን ዕድል በጥቂቱም አይጨምረውም።

በሰዓት 10 ዶላር የማትረፍ ችሎታ ያለው ጥሩ ተጫዋች እናስብ። የአንድ ሰዓት ውጤቱ በተለምዶ ከዚህ አማካይ ወደ 110 ዶላር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይወዛወዛል ብንል፣ በ100 ሰዓት ውስጥ የሚጠበቀው ትርፍ 1,000 ዶላር ሲሆን መወዛወዙ ወደ 1,100 ይደርሳል። እንዲህ ካሉ ጥሩ ተጫዋቾች ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ ከ100 ሰዓት በኋላም ከስሮ ይገኛል፤ በየቅዳሜው ስምንት ስምንት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህ ሦስት ወር ነው። ተገላቢጦሹ ግን ይብሳል፤ ደካማ ተጫዋች ሦስት ወር ሙሉ ሊያተርፍና ሥራውን ለመልቀቅ ሊያስብ ይችላል። ቀኑን፣ የተጫወተበትን ሰዓት፣ ያስገባውንና ይዞ የወጣውን የማይመዘግብ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሰው የበላውን ያስታውሳል፣ የተበላውን ይረሳል።

«ያተረፍኩት የካዚኖው ገንዘብ ስለሆነ ብጥለውም አይቆጨኝም»

የራስዎ ሆኗል። ቤት ወስደው ሊከፍሉበት የሚችሉት ገንዘብ ነው።

«መጠጡ በነፃ ነው»

ለአስተናጋጇ ጉርሻ ይሰጣል፤ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚደረግ አንድ ስህተት ደግሞ የሳምንት መጠጥ ይገዛል።

«አንድ ሰው በ86 ዶላር ሚሊየነር ሆኗል፤ ይህ መተዳደሪያ ይሆናል»

እውነት ነው፤ ክሪስ መኒሜከር እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንተርኔት የ86 ዶላር ማጣሪያ አልፎ በላስ ቬጋስ 839 ሰዎች የተሳተፉበትን የዓለም ፖከር ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። በዚያው ውድድር በ2023 የተመዘገቡት 10,043 ነበሩ። ያሸነፈ ሰው መኖሩ ስለሌሎቹ ብዙ አይናገርም። ከላይ በምሳሌ የጠቀስነው በሰዓት 10 ዶላር የሚያተርፍ ጥሩ ተጫዋች ራሱ፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 12 ዶላር ከሆነው የኔቫዳ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በታች እያገኘ ነው፤ ያውም ያለ ጤና መድን።

«ከጓደኛዬ ጋር በአማርኛ ብንነጋገር ማንን ይነካል?»

በአሜሪካ የፖከር ክፍሎች ዙር በሚካሄድበት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ መነጋገር የተለመደ ሕግ ነው። ሌሎች የማይረዱት ንግግር መረጃ መለዋወጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ እግር ኳስ ቢወራ እንኳ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል። በዙሮች መካከል እንደልብ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው «ወንድሜን አልበላውም» ብሎ ጠንካራ ካርታ ይዞ አለመወራረድ ነው። በእኛ ዘንድ ጨዋነት የሚመስለው ይህ ነገር በዚያ ሕግ መመሳጠር ተብሎ ከክፍሉ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች በጉዳዩ ላይ ቅር ቢሰኙም ትክክል ናቸው። አብሮ መሄድ የፈለገ ሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ቢጠይቅ ይሻላል።

«ካዚኖው ቅጽ ካልሰጠኝ ግብር የለበትም»

በዶላር ጠረጴዛዎች ላይ ለተገኘ ትርፍ ካዚኖው በአብዛኛው የግብር ቅጽ አይሰጥም፤ ገቢው ግን በፌዴራል ሕግ ለግብር ሰብሳቢው መገለጽ አለበት። ኪሳራን መቀነስ የሚችለው ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚያቀርብ ግብር ከፋይ ብቻ ሲሆን፣ ሳይዘረዝር የሚፈቀድለትን መደበኛ ተቀናሽ የሚወስደው አብዛኛው ሰው ይህ ዕድል የለውም። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራው 90 በመቶው ብቻ እንዲቀነስ ደንግጓል። በዓመቱ ባሸነፈባቸው ቀናት 6,000 ዶላር አግኝቶ በተሸነፈባቸው ቀናት 6,000 ዶላር ያጣ ሰው፣ ዘርዝሮ ቢያቀርብ መቀነስ የሚችለው 5,400 ዶላር ነው፤ በእጁ ባልገባው 600 ዶላር ላይ ግብር ይከፍላል። ካልዘረዘረ ደግሞ በ6,000ው ሁሉ ላይ ይጠየቃል።