ባሌ ላይ ሁሉም ወደ ላይ ሲሸሽ

አገራችንን በከፍታ ከፋፍሎ ማወቅ የቆየ ልማድ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ከታች ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ በ1 ዲግሪ ከሞቀ፣ የለመደውን ብርድ የሚፈልግ ፍጥረት ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት።

ይህን በአንድ ተራራ ላይ ማየት ለሚፈልግ ከባሌ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከዶሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ በሐረና ጫካ ያልፋል። እዚያ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከፍ ሲሉ የአስታ ቁጥቋጦ ይመጣል። ከዚያ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የሳነቴ አምባ ይዘረጋል። የመጨረሻው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከእሱ በላይ መሸሻ የለም።

ሳነቴ ላይ ሌሊት ውሃ ይረጋል፣ ቀን ፀሐይ ይጠብሳል። ጅብራ ይህን ችሎ ለዓመታት ይቆያል፤ አንዴ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ብርዳማዎቹ ተራሮች በሞቃት ዝቅታ የተከበቡ ደሴቶች ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም።

የቀይ ቀበሮ ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ዋና ምግቡ አይጦችና ባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ናቸው። ብርዱ ሲሸሽ እሱም ይሸሻል፣ ግን ሰውም ከኋላው ይመጣል። ውርጭ የሚመታው መሬት ለገብስ ሲመች እርሻው ከፍ ይላል። የመሬት ጥበትም ይገፋል፤ ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ ልክ አይሆንም። አርብቶ አደሩ ከብቱን በየወቅቱ ወደ ደጋ የሚያወጣበት ጎዳንቱ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ታች ድርቅ ሲጠና ወደ ላይ የሚወጣው ከብት ይበዛል። ከከብቱ ጋር ውሻ አለ። የውሻ እብደት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ ጨርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሚበላ ነገር ውስጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል።

ቡናም ተራውን እየጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ አሁን ቡና ከሚያበቅለው የአገሪቱ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ያው ጥናት ከፍ ያለው ቦታ ሊመች እንደሚችልም ይናገራል። ግን ከፍ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ጫካ አለበት፣ የሌላ ገበሬ ማሳ አለበት። አዲስ የተተከለ ቡና ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

ወባም ትወጣለች። ከደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ እንዳሳየው፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው ይዘልቃል። ደገኛው ደግሞ በሽታውን ስላልለመደው ይጎዳል።

ከባሌ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ቢኖር ውሃው ነው። ገናሌና ዌብ ከዚህ ተነስተው እስከ ሶማሊያ ድረስ ቆላውን ያጠጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብት በሚሊዮን አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ እነዚህ ወንዞች ለብዙ ሰው የመጨረሻ ተስፋ ናቸው፤ ምንጫቸው ግን ያው አስታው፣ ጫካውና ረግረጉ ያለበት ተራራ ነው።